የሚረሳ ሰው መድኃኒት በማን እጅ ይሁን?

ስኳር ሕመምና የአእምሮ መድከም

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በስሙ አይጠራም። አባት ወይም እናት ስኳር ሕመም ይዟቸው ለዓመታት መድኃኒት ሲወስዱ ይኖራሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ መርሳት ይጀምራሉ። አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ቁልፍ ያስቀመጡበት ይጠፋቸዋል። ዙህርን ሰግደው እንደሆነ አልሰገዱም እንደሆነ ይጠራጠራሉ። ገበያ ሄደው የሰጡትንና የተቀበሉትን ገንዘብ ማመሳከር ያቅታቸዋል። እኛም "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" ብለን እናልፋለን። የስኳር መድኃኒታቸውን ግን እንደ ወትሮው ራሳቸው አስታውሰው እንዲወስዱ እንተዋቸዋለን።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ የዘርፉ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ለሕዝብ ያሳወቁትንና እንደ አንድ የመስጂድ ኢማም ቤተሰቦች ይዘውልኝ ከሚመጡት ጉዳይ የተረዳሁትን ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው መርሳት ሲጀምር ነገሩ የእርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል። ስኳሩ ራሱ አእምሮን ይጎዳል። ጉዳቱን ከሚያባብሱት ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ ልንከላከላቸው የምንችላቸው ናቸው። የሚረሳ ሰው መድኃኒቱን እንዲያስታውስ መጠበቅ ግን እሱን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንታመም መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል። አላህ ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳደረገለት፣ ከዚህ ውጭ የሆነው እርጅና ብቻ እንደሆነም አስተምረውናል። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። እርጅናን ማስቀረት አንችልም፤ በሽታን ግን እንድናክም ታዘናል። በሽታውን "እርጅና ነው" ብለን ስም ለውጠን ከተውነው የታዘዝነውን ሳንፈጽም ቀረን ማለት ነው።

ስኳርና አንጎል ምን አገናኛቸው?

የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ የሚሆነውን እሱ ይወስዳል። ዋነኛ ምግቡ በደም ተጭኖ የሚደርሰው ስኳር ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ ሲሆንም ይጎዳል፣ በድንገት ሲያንስም ይጎዳል።

ስኳር ሕመም ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን እንደሚጎዳ አብዛኛው ሰው ያውቃል። ምክንያቱ የበዛው ስኳር ቀጫጭን የደም ሥሮችን ስለሚያበላሽ ነው። እንዲህ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች በአንጎል ውስጥም ሞልተዋል። እነሱ ሲጠቡና ሲደነድኑ አንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። አንዳንድ ጊዜም እጅ ወይም እግር የማያስነክሱ፣ ማንም ሳያያቸው የሚያልፉ ጥቃቅን የደም ሥር መደፈኖች ይከሰታሉ። አንዱ ብቻውን ላይታወቅ ይችላል። ሲደራረቡ ግን ሰውየው ነገር ለመረዳት ይዘገያል፣ ማቀድ ያቅተዋል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ይረሳል። በዚህ ላይ ኢንሱሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥም ሥራ አለው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሰውነቱ ለኢንሱሊን እንደሚገባው ስለማይታዘዝ፣ ይህ ጉድለት ለአንጎልም እንደሚተርፍ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በሆላንድ የሮተርዳም ከተማ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 6,370 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። ስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች የአደጋው መጠን ይለያይ እንጂ በነገሩ ተስማምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ10,000 በላይ የእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞችን ከ30 ዓመት በላይ ተከታትሏል። ስኳር ሕመሙ ቀደም ብሎ በጀመረ ቁጥር በኋላ የሚመጣው የመርሳት አደጋ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። 70 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል ሕመሙ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ የያዛቸው፣ ካልያዛቸው ይልቅ አደጋው ከእጥፍ በላይ ሆኖባቸዋል።

ይህ ለሽማግሌዎች ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ። በ40 እና በ50 ዓመት ዕድሜ ውስጥ ሆናችሁ "ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን ምንም አይሰማኝም" የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ የ70 ዓመት አእምሯችሁን የምትጠብቁት አሁን ነው። ደግሞም እጥፍ አደጋ ማለት ስኳር ሕመም ያለበት ሁሉ ይረሳል ማለት አይደለም። ብዙዎች አእምሯቸው እንደተሳለ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ቁጥሩ የሚነግረን እንድንሸበር ሳይሆን እንድንጠነቀቅ ነው።

አደጋውን የሚጨምሩት

ከስኳሩ ጋር ተዳምረው አእምሮን የሚጎዱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የደም ግፊት ነው። ስኳርና ግፊት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የአንጎል የደም ሥሮች ከሁለት አቅጣጫ ይጠቃሉ። ስኳሩን እየተለካ ግፊቱን የማይለካ ሰው ግማሹን በር ዘግቶ ግማሹን ክፍት እንደተወ ነው። ሁለተኛው በደም ውስጥ ያለ የኮሌስትሮል ብዛት፣ ሦስተኛው ሲጋራ፣ አራተኛው ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ነው።

ብዙ ሰው ከአእምሮ ጋር የማያያይዛቸውም አሉ። የጆሮ መድከም፣ የዓይን መድከም፣ የቆየ ድብርትና ብቸኝነት ናቸው። የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይርቃል። ከጨዋታ የራቀ ሰው አእምሮው ሥራ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን፣ ስኳር ሕመምን ጨምሮ ልንከላከላቸው የምንችላቸውን 14 የመርሳት በሽታ መንስኤዎች ዘርዝሯል። በእነዚህ ላይ በሚገባ ቢሠራ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። ቀሪው በእጃችን አይደለም፤ የአላህ ቀደር ነው። በእጃችን ያለውን ግን እንጠየቅበታለን።

በፊንላንድም አደጋው ያለባቸው ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1,260 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተጠንተው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆኗል። አመጋገባቸውን ያስተካከሉት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ያደረጉት፣ አእምሯቸውን ያሠሩትና የደም ግፊትና የስኳር ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ተራ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ የአእምሮ ፈተናውን በተሻለ ሁኔታ አልፈዋል። ስለዚህ አባታችሁ ለጀማዓ ሶላት በእግራቸው ወደ መስጂድ ሲሄዱ "ይድከሙ ይሆናል፣ ቤት ይስገዱ" ለማለት አትቸኩሉ። አብራችኋቸው ሂዱ። እርምጃው፣ ሰላምታው፣ ከሶላት በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ ለአእምሯቸው ጥቅም አለው።

የሚወርድ ስኳር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው የስኳር መውጣትን ነው። ለሚረሳ ሰው ግን የስኳር መውረድ ይበልጥ ፈጣን አደጋ ነው።

በአንድ ወቅት አንድ ወጣት ከሱብሒ በፊት ስልክ ደወለልኝ። "ሸኽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴን ጂን ሳይዛቸው አልቀረም። ሩቅያ ቢቀሩልን" አለኝ።

"ምን ሆኑ?" አልኩት።

"ልብሳቸው በላብ ርሷል። የማይሆን ነገር ይናገራሉ። ስንይዛቸው ይገፈትሩናል። በሕይወታቸው ተሳድበው የማያውቁ ሰው ዛሬ ይሳደባሉ።"

"ስኳር ሕመም አለባቸው እንዴ?"

"አዎ፣ መርፌ ይወጋሉ።"

"ማታ እራት በልተዋል?"

ትንሽ ዝም አለና "እንጃ፣ ቀደም ብለው ነው የተኙት" አለኝ።

"መርፌውን የሚወጋቸው ማነው?"

"ራሳቸው ናቸው። ሁልጊዜም ራሳቸው ናቸው።"

ስኳር በውኃ በጥብጦ እንዲያጠጣቸውና መኪና እንዲፈልግ ነገርኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ገና መንገድ ሳይጀምሩ አባትየው ነቁ። "ምን ሆናችሁ ነው ዙሪያዬን የቆማችሁት?" ብለው ጠየቁ። ሆኖም ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። በኋላ ሲጣራ፣ ማታ መርፌውን ከወጉ በኋላ መውጋታቸውን ረስተው ደግመው ወግተዋል። እራት ደግሞ የበሉ መስሏቸው ሳይበሉ ተኝተዋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሩቅያ ሐቅ ነው። ቁርኣንም ፈውስ ነው። ነገር ግን ስኳር ሕመምተኛ ድንገት ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቡ ሲመታ፣ ሲርበው፣ ንግግሩ ሲዛባ፣ ጠባዩ ሲለወጥ፣ ወይም እንቅልፉ ያለ ልክ ሲከብድ መጀመሪያ ስኳሩ ይለካ። መለኪያው ከ70 ሚሊ ግራም በታች ካሳየ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ከ54 በታች ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። መለኪያ ከሌለም ጊዜ አታጥፉ። ሰውየው መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ካልተነሳ ድገሙ። ሲነቃ ምግብ ይብላ። ራሱን ስቶ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፣ ሊታነቅ ይችላልና። ወደ ጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ዱዓው በመንገድም ይደረጋል።

የስኳር መውረድ ያኔውኑ ከሚያደርሰው ጉዳት ሌላ በኋላ ለሚመጣው መርሳትም በር እንደሚከፍት ያመለከተ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም ያለባቸው 16,667 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ታትሟል። ስኳራቸው ሐኪም ቤት እስከሚያስገባ ድረስ የወረደባቸው ሰዎች በኋላ የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ላይ አደጋው ወደ እጥፍ ተጠግቷል።

አዙሪቱን አስተውሉ። ስኳር ሲወርድ አእምሮ ይጎዳል። አእምሮ ሲደክም ሰውየው መድኃኒቱን ይደግማል ወይም ምግቡን ይረሳል። ያኔ ስኳሩ እንደገና ይወርዳል። ይህን አዙሪት ሕመምተኛው ብቻውን ሊሰብረው አይችልም። የሚሰብረው አጠገቡ ያለ ሰው ነው።

"ታዲያ ስኳሩን በጣም ዝቅ አድርገን ብንይዘውስ?" የሚል ሊኖር ይችላል። ይህም ተሞክሯል። በአሜሪካና በካናዳ ስኳርን በጣም አጥብቆ የማውረድ ሕክምና በብዙ ሺህ ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር፣ አጥብቀው በታከሙት ላይ ሞት በመጨመሩ ያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2008 እንዲቆም ተደርጓል። ከነሱ መካከል የ2,977 ሰዎች አእምሮ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ውጤትም፣ አጥብቆ ማውረዱ የማስታወስ ችሎታን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሞች ለሚረሱ አረጋውያን መጠኑን ያላላሉ። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ በሚባለው ለብዙ አዋቂዎች ከ7 በታች ይፈለጋል፤ አእምሯቸው ለደከመ አረጋውያን ግን ከ8 በታች ቢሆን በቂ ነው የሚል መመሪያ አለ። የዓለም የጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ፣ ግሊቤንክላማይድ የተባለው ኪኒን ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ አመልክቷል። ስኳርን ለረጅም ሰዓት ስለሚያወርድ ነው። ወላጆቻችሁ ይህን ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪማቸውን ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም

መርሳት የጀመረ ሰው "ከእንግዲህ አበቃለት" አይባል። ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶች አሉ። ለስኳር ሕመም በሰፊው የሚሰጠው ሜትፎርሚን መልካም መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 የተባለውን ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ሊያሳንሰው ይችላል። የዚህ ቫይታሚን እጥረት ደግሞ ራሱ ያስረሳል፣ እግር ያደነዝዛል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። የእንቅርት እጢ መድከም፣ ድብርት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ እነዚህም አረጋውያንን ያዘነጋሉ። በተለይ መዘንጋቱ በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ እርጅና ብላችሁ አትቀመጡ። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ከሞላ በኋላ ደግሞ ስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በየዓመቱ የማስታወስ ችሎታቸው እንዲመረመር የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ይመክራል። በቀጠሮ ቀን "አባቴ እየረሱ ነው" ብሎ ለሐኪሙ መናገር ወላጅን ማዋረድ አይደለም።

ስለ ማርና ስለ ጥቁር አዝሙድም ጥያቄ ይመጣልኛል። በሁለቱም በረከት እንዳለ እናምናለን። ይሁን እንጂ ማር ስኳር ያለበት ምግብ ነው፤ በማንኪያ ላይ ማንኪያ ሲበላ ስኳርን ያወጣል። ሐኪም ያዘዘውን ትቶ በዚህ ብቻ መወሰንም መድኃኒት እንድንፈልግ የታዘዝነውን መፈጸም አይደለም። ጫት የሚቅሙ ወገኖችም አንድ ነገር ይስሙ። ጫት ምግብ ያስጠላል። መድኃኒት ወስዶ ምግብ የዘለለ ሰው ስኳሩ ይወርድበታል።

ረመዳን ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ ሙስሊም የስኳር ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ሕመም ካለባቸው መካከል 79 በመቶ ያህሉ ከረመዳን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ከባድ የስኳር መውረድም ከሌላው ወር ጋር ሲነጻጸር ከ7 እጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ገር እንዳደረገ፣ ለባሮቹም ችግርን እንደማይሻ ነግሮናል። ይህን ገርነት መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም።

የሚረሳ ሽማግሌ በረመዳን የተለየ ችግር አለበት። ሐኪሙ "አይጹሙ" ያለውን ይረሳል። የስድሳ ዓመት ልማዱ ግን አልተረሳውም፤ አዛን ሲሰማ ይጾማል። ሱሑር ሳይበላ የጠዋት ኪኒኑን ይውጣል። ስለዚህ ረመዳን ከመግባቱ ከአንድና ከሁለት ወር በፊት ቤተሰቡ ከሐኪም ጋር ይመካከር። መጾም የተፈቀደለትም ቢሆን በቀን ውስጥ ስኳሩን ይለካ። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ይፍታ። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም አያበላሽም። እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ለምርመራ ደም መስጠትም ሆነ ምግብነት የሌለው መርፌ መወጋት ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል።

አእምሮው ደህና ሆኖ ሰውነቱ መጾም የማይችል፣ ይሻለዋል ተብሎም የማይጠበቅ ሰው ለያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። አእምሮውን ፈጽሞ የሳተ ሰው ግን የሸሪዓ ግዴታ ተነስቶለታል፤ በብዙ ዑለማዎች ዘንድ ፊድያም የለበትም። አንዳንዴ የሚያስታውስ፣ አንዳንዴ የሚዘነጋ ከሆነ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ፤ ሁኔታው ከሰው ሰው ይለያያል።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ለመድኃኒቱ አንድ ኃላፊ ይሰየም። "ሁላችንም እናያለን" የተባለ ነገር ማንም አያየውም። ያ ሰው ኪኒኑን በየቀኑ ከፋፍሎ ያስቀምጥ። ሲሰጥም ሲዋጥ አይቶ በደብተር ላይ ምልክት ያድርግ።

ሁለተኛ፣ የኢንሱሊን መርፌ በሚረሳ ሰው እጅ አይሁን። በቀዝቃዛ ቦታ፣ እሱ በማይደርስበት ይቀመጥ። ከመወጋቱ በፊት ስኳር ይለካ፣ ምግቡም መዘጋጀቱ ይታይ።

ሦስተኛ፣ ክብራቸው ይጠበቅ። "እርስዎ ይረሳሉ፣ አምጡ" ብሎ መንጠቅ ልብ ይሰብራል። "አባባ፣ ይህን አጅር ለኔ ይተዉልኝ፣ እኔ ልስጥዎ" ቢባል ያው ሥራ በመልካም ቃል ይፈጸማል። በሶላት ረከዓ ከጠፋባቸው ከጎናቸው ሁኑና አስታውሷቸው፤ አትሳቁባቸው።

አራተኛ፣ ሸክሙ ይከፋፈል። በብዙ ቤት ይህ ሁሉ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በልጅ ሚስት ላይ ነው። ወንዶቹ ልጆች በዓል ሲሆን መጥተው ግንባር ስመው ይሄዳሉ። ውጭ አገር ያሉት ገንዘብ ይልካሉ። ገንዘቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊት ተነስቶ ላብ የሚዳስሰው የላከው ሰው አይደለም። ወላጅን መንከባከብ የልጆች ሁሉ ግዴታ ነው። ወንዱ ልጅ መርፌ መውጋት ይማር፣ የሳምንቱን ተራ ይያዝ።

አምስተኛ፣ የንብረትና የኑዛዜ ጉዳይ አእምሮ ሳይደክም፣ በምስክር ፊት ይጻፍ። አላህ (ሱ.ወ.) የዕዳን ውል ባስተማረበት አንቀጽ ለአቅመ ደካማው ጠባቂው በፍትሕ ያስጽፍለት ብሏልና፣ የደከመ ሰውን ጣት ይዞ ማስፈረም ሐራም መብላት ነው።

ውድ አድማጮቼ፣ አላህ በቁርኣኑ ከእናንተ መካከል ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ዕድሜ የሚመለስ እንዳለ ነግሮናል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚያ ዓይነት ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ ነበር። እኛም እንጠበቅ፤ ዱዓችንንም በሥራ እናስከትል። ወላጆች አንዳቸው ወይም ሁለቱም እኛ ዘንድ ለእርጅና ሲደርሱ ከትንሿ የመሰልቸት ቃል እንኳ እንድንታቀብ በሱረቱል ኢስራእ ታዘናል። አንድን ጥያቄ ለአሥረኛ ጊዜ የሚጠይቅ አባት ፊት ያቺን ቃል መዋጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ያስታመመ ያውቀዋል። አጅሩም እንዲሁ ከባድ ነው።

ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የወላጆቻችሁን የመድኃኒት ከረጢት ክፈቱ። ምን እንደሚወስዱ፣ ስንት እንደቀረ፣ ዛሬ ወስደው እንደሆነ ተመልከቱ። መልሱን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ከሌለ፣ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማኖቻችን ዓፊያ ይስጥልን። ለሚያስታምሙት ሶብርና ምንዳ ይስጥልን። አእምሯችንን በዚክሩ ሕያው ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።